ለቫሳንቲ፦ ስለ ሱዲንድራ፣ ስለ ሁለቱ ሟቾችና ስለ ዱባው

ቤንጋሉሩ፣ ባሳቫናጉዲ
ኦክቶበር 19 ቀን 2013

ይድረስ ሙስካት ላለችው ታላቅ እህቴ ለቫሳንቲ፤

አካዬ፣ የሙስካት ሙቀት እንዴት ይዞሻል? አሁንም ለበሽተኛ ፈገግ፣ ለእኔ ኮስተር ነሽ? እኛ ደህና ነን። እማን ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ሙሉ ጤነኛ ነው። ድመቷ ሦስት ወለደች። አንደኛው ሲኮሳተር ቁርጥ አንቺን ስለሆነ ስምሽን አወጣሁለት፤ ወንድ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው።

ለምን አልደወልሽም ትዪኝ ይሆናል። በስልክ ብነግርሽ ገና ሁለት ቃል ሳልጨርስ ጆሮዬ ላይ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ አይዘጋም። ብትቀጂው እንኳ ቁርጥራጩን ገጣጥመሽ ማንበብሽ እንደማይቀር አውቃለሁ።

በጁላይ ሱዲንድራ ሁለት ሰው ገድሏል ተብሎ መታሰሩን ጋዜጣ ላይ አንብበሽ ለእማ ምን ብለሽ ጻፍሽላት? «እንኳንም አላገባሁት፤ ይሄኔ ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልዬ ነበር የምገኘው» አልሽ። ይችን ዓረፍተ ነገር እንድትመልሻት ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የማበላሸው። ሱዲንድራ ማንንም አልገደለም። ገዳዩ ተይዟል። የያዝኩትም እኔ ነኝ። ማለቴ እኔና አለቃዬ ማዳም ሱሎቻና። እውነቱን ለመናገር፣ ማዳም ሱሎቻና «አትንኪ!» ብለው ሲከለክሉኝ እኔ።

ግን ከእሱ የሚቀድም አንድ ነገር አለ። ተቀመጪ። ተቀመጥሽ?

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ቀለበት ልታስሩ ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ አክስታችን የቀጠረችው መርማሪ ያመጣው ፎቶ መቼም አይረሳሽም። ሱዲንድራ ቡና ቤት ተቀምጦ፣ ፊቷን በቢጫ ሳሪ ከሸፈነች ሴት ጋር። ያቺ ሴት እኔ ነበርኩ።

ይኸው፣ ወጣልኝ። በዱላ አትደርሺብኝም፤ መሀላችን ባሕር አለ።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ ለሁለተኛ ጊዜ የጣለኝ ሰሞን። «ይሄ ሰውዬ እህቴን ይዞ ሊሄድ ነው፣ እስቲ ልፈትነው» አልኩና የእማን ሳሪ ለብሼ መንገድ ላይ ጠበቅኩት። ቦርሳዬን ተሰረቅኩ ብዬ አለቀስኩበት። ምን ያደረገ ይመስልሻል? ቡናና ትኩስ ኢድሊ አዘዘልኝ፣ «አይዞሽ እህቴ» አለኝ፣ አውቶቡስ ላይ አሳፈረኝ። በቃ፣ ይሄው ነው። ላንቺ ነግሬሽ አብረን ልንስቅ ነበር፤ ጥሩ ቀን ስመርጥ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ፎቶው መጣ። አንቺ ስታለቅሺ አፌ ተቆለፈ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል አንቺ ፓስፖርት አወጣሽ።

ፎቶውን ያነሳው የማዳም ሱሎቻና ቢሮ ነው። ማዳም ጡረታ የወጡ ፖሊስ ናቸው፤ ሥራቸው ሙሽራ ማጣራት ነው። ይጠጣል ወይ? ሌላ ቦታ ሚስት አለችው ወይ? ፀጉሩ የራሱ ነው ወይ? ከጥቂት ወራት በኋላ የፎቶዋ ሴት እኔ መሆኔን ደርሰውበት ቤት ድረስ መጡ። በጥፊ ይሉኛል ብዬ ፊቴን ሳዘጋጅ «ሠራተኞቼን በሙሉ አታለልሽ። ሰኞ ሥራ ግቢ» አሉኝ። «ለእህትሽ ግን ተናገሪ» አሉ። «ተናግሬያለሁ» አልኳቸው። ማዳም እኔን ያመኑበት ብቸኛው ቀን ነው። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ ተላላኪ ነኝ ያልኩሽም ውሸት ነበር፤ መርማሪ ነኝ። ውሸቴን አንድ በአንድ ከማወጣ በአንድ ላይ ባፈስልሽ ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱዲንድራ የሚሠራበት ድርጅት ለሆስፒታሎች ፕሮግራም ይሠራል፤ የበሽተኛው ክብደት ሲገባለት የመድኃኒቱን መጠን የሚናገር ዓይነት። ይሄን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። በጁላይ አንድ ሰኞ ሙኩንዳ የሚባል የፕሮግራም ፈታሽ የሰርቨር ክፍል ውስጥ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ሐሙስ ደግሞ የድርጅቱ ባለቤት ሚስተር ሄግዴ፣ እዚያው ክፍል፣ እንደዚያው ሆነው ተገኙ። በሩ የሚከፈተው በመግቢያ ካርድ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የከፈተው የሱዲንድራ ካርድ ነው። ያ የዋህ ካርዱን ከኮቱ ጋር ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ነው ምሳ የሚሄደው! ይሄ አልበቃ ብሎ፣ ከሳምንት በፊት ምሳ ቤት ውስጥ ሦስት መቶ ሰው እየሰማ «ይሄ ፕሮግራም ሳይስተካከል ከወጣ ሰው ይሞታል!» ብሎ ሄግዴ ላይ ጮኾ ነበር። ኢንስፔክተር ፑታስዋሚ መዝገቡ ላይ ምን ብሎ ቢጽፈው ጥሩ ነው? «ተጠርጣሪው ሰው እንደሚሞት አስቀድሞ ያውቅ ነበር።»

ሴፕቴምበር ላይ የሱዲንድራ እናት ቢሯችን መጡ። ያ ፎቶ የወጣው ከእኛ ቢሮ መሆኑን አያውቁም። እኔ ከፋይሉ ቁም ሣጥን ጀርባ ተሸጎጥኩ። «ልጄ በረሮ እንኳ በመጥረጊያ አባብሎ ነው የሚያስወጣው» ብለው አለቀሱ። ሲሄዱ ማዳም የድሮውን ፋይል አወጡና ፎቶውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ለእህትሽ ተናግረሻል አይደል?»

«አዎ ማዳም።»

«ኩሱማ።»

«...አልተናገርኩም።»

ማዳም ሲቆጡ አይጮኹም፤ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። አወለቁት። «መጀመሪያ ይሄን ልጅ ከእስር ታወጪዋለሽ፤ ከዚያ ለእህትሽ ትናገሪያለሽ። ክሱ በኦክቶበር መጨረሻ ፍርድ ቤት ይገባል። ከገባ ልጁ ፀጉሩ ሸብቶ ነው የሚወጣው።» አካዬ፣ ያን ዕለት ምሳዬን አልበላሁም። እኔ ምሳ አልበላሁም ስል ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ፑታስዋሚን ከምልምልነቱ ጀምሮ ያሠለጠኑት ማዳም ናቸው፤ ዛሬም ሲያያቸው ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል። ሄደን ጠየቅነው። ከመሳቢያው የክብሪት ቀፎ አወጣ። ውስጡ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ብረት አለች። ሄግዴ ሲመቱ መምቻው ሾልኮ የሰርቨሩን ካቢኔ ሲመታ ተሸርፋ የበሩ ወንፊት ላይ ተሰክታ የቀረች ናት። መምቻው የት እንዳለ ግን ፖሊስ ሦስት ጊዜ ፈትሾ አጣው።

«ማዳም፣ ሐይቅ ውስጥ ጥሎት ቢሆንስ?» አልኩ ስንመለስ።

«ይሄ የዛሬ ብረት አይደለም። በእጅ የተቀጠቀጠ የድሮ ብረት ነው፤ ሰው ከአባቱ የሚቀበለው ዓይነት። እንዲህ ያለውን ደም ቢነካውም አጥበው ያስቀምጡታል እንጂ አይጥሉትም።»

«ታዲያ ከየት እናምጣው?»

ማዳም ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አዩ። «እኛ አናመጣውም። ራሱ ይመጣል» አሉ። ለመሣሪያ በዓላችን ለአዩዳ ፑጃ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

አንቺ ዘንድሮ ቴርሞሜትርሽን ቀባሽው ወይስ ሰው አገር ነው ብለሽ ተውሽው? እዚህማ ያው ነው፤ አውቶቡሱም፣ ሞተሩም፣ ኮምፒውተሩም ታጥቦ፣ እርድና ቀይ ዱቄት ተቀብቶ፣ አበባ አንጠልጥሎ ይሰገድለታል። ለአንድ ሰው ሥራ የሚሠራለት ዕቃ በዚያ ቀን ከተዘለለ ዓመቱን ሙሉ ያኮርፈዋል። ማዳም ያሰቡት ይሄን ነው። እኔ ደግሞ ትንሽ ቅመም ጨመርኩበት።

እነሱዲንድራ ድርጅት ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። ሁለት ቀን ወለል ጠረግኩ፤ በሦስተኛው ቀን ወሬዬን ለቀቅኩ። «ሰምታችኋል? ሁለት ሰው የሞተው አምላክቲቱ ስለተቆጣች ነው አሉ። ካህኑ ባታሩ ተናግረዋል። ዘንድሮ የተዘለለ መሣሪያ የባለቤቱን እጅ ያደርቃል!»

ባታሩ እንዲህ ያለ ነገር በሕልማቸውም አልተናገሩም። አንዱ የቡድን መሪ ሳቀብኝ፤ «ሂጂ ወለልሽን ጥረጊ፣ እኛ የተማርን ሰዎች ነን» አለኝ። እሺ ጌታዬ፣ የተማርክ። የወንበሩን ብሎን አላላሁለት። በማግስቱ ስብሰባ ላይ «ምክንያታዊ እንሁን» ብሎ ሊቀመጥ ሲል ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ከሰዓት በኋላ የስድስት ሰው ማውስ ሥር ፕላስተር ለጠፍኩ። «እጄ! እጄ አይታዘዝም!» የሚል ጩኸት ከአራተኛ ፎቅ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ ማን ይስቃል? ያ የቡድን መሪ የሞተር ኮፍያውን ለማምጣት ተሳለ፣ አንዱ የፂም መላጫውን፣ አንዷ «አእምሮዬም መሣሪያዬ ነው» ብላ ግንባሯን በሙሉ እርድ ተቀባች።

ዋናውን ፕሮግራመር ዲቫካርን ያወቅኩት በዚያ ሰሞን ነው። አካዬ፣ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰለሽ! ስጠርግ እግሩን የሚያነሳልኝ እሱ ብቻ ነበር። ሙዝ ይሰጠኛል። «አንቺ ልጅ፣ ለምን አትማሪም?» ይለኛል። አንድ ቀን «የኔ እህት» አለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባታሩ በእውነት እንዲህ ብለዋል? መሣሪያው ሰው ሳያየው ቢመጣስ፣ ይቆጠርለታል?» አለኝ።

«ይቆጠርለታል፤ አምላክቲቱ ታየዋለች እንጂ ሰው ምን ያደርግለታል?» አልኩት። እሱ እንዳይሆን ፈልጌ ነበር።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። ኮምፒውተር ሁሉ ጠፍቶ አበባ ለብሷል። አዳራሹ ውስጥ የተከመረውን ዕቃ ብታዪ! ባታሩ ገና ሲገቡ «እኔ መቼ ነው እንዲህ ያልኩት?» ብለው ሊቆጡ ነበር። ክምሩን ሲያዩ ግን ትንሽ አሰቡና «ብዬ ሊሆን ይችላል» አሉ። ሰው ደግሞ ያን ነጩን ትልቅ ዱባ አምጥቶ አምላክቲቱ እግር ሥር አስቀምጧል፤ ሃያ የሚሆን። አንደኛው መጨረሻ ላይ ክፉ ዓይን ለማራቅ በር ላይ ይፈርጣል፤ የቀረውን ሰው ቤቱ ወስዶ ይቀቅለዋል። የምደረድረው እኔ ስለነበርኩ አንድ በአንድ አነሳሁት። አሥራ አንደኛው ከበደኝ። ነቀነቅኩት፤ «ቋ» አለ። ገልበጥ ሳደርገው ሥሩ አራት ማዕዘን ተቆርጦ፣ ተመልሶ ተወትፎ፣ ስንጥቁ በእርድ ተለስኗል።

ማዳም ከኢንስፔክተሩ ጋር እንግዳ መስለው ከኋላ ተቀምጠዋል። ሄጄ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«እንዳትነኪው» አሉኝ። «ፑጃው ሲያልቅ ማን ይዞት እንደሚሄድ እናያለን። የማን እንደሆነ ካላወቅን ብረት ብቻ ነው። ባለቤት የሌለው ብረት ማንንም አያስፈታም።»

«እሺ ማዳም» አልኩ።

አካዬ፣ እሺ ማለቴን ልብ በይልኝ። ግን ደግሞ አስቢው። ሃያ ዱባ ነው፣ ሦስት መቶ ሰው ነው፣ ፑታስዋሚ ደግሞ አንድ ዓይኑ ጣፋጩ ላይ ነው። በግርግር ሾልኮ ቢወጣስ? ሱዲንድራስ? ይሄ ነው ምክንያቴ። ሌላው ምክንያቴ፣ አልዋሽሽም፣ እጄ በላኝ። ዘበኛው ሊያፈርጠው ያዘጋጀውን ዱባ አንስቼ በምትኩ ያንን አስቀመጥኩ።

ዘበኛው ዱባውን ተሸክሞ በር ላይ ወጣ። ሰው ሁሉ ከበበ። ሦስት ጊዜ አዞረና ድው አድርጎ መሬት ላይ አፈረጠው።

ከነጩ ሥጋና ከፍሬው መሀል አንድ ክንድ የሚያህል የብሎን መፍቻ ወጣ። ጥቁር፣ የድሮ፣ ታጥቦ የተወለወለ፣ እጀታው ላይ ሦስት ነጥብ ቀይ ዱቄት። አፉ ጫፍ ላይ ተሸርፏል።

ሦስት መቶ ሰው አንገቱን አሰገገ። ማንም ግን አልቀረበም። ዞር ስል ማዳም መነጽራቸውን አውልቀዋል። ያኔ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። ብረቱ ወጣ፤ ባለቤቱ ግን አፉን ከዘጋ፣ የኔ ነው የሚል ከሌለ፣ ሱዲንድራ እዚያው ቀረ። ሁለተኛ ጊዜ! በእኔው ቀልድ፣ ሁለተኛ ጊዜ!

ዘበኛው ደንግጦ ወደ ኋላ ሲል በዚያ ትልቅ ቦቲ ጫማው መፍቻውን ረገጠው።

«አትርገጠው!» አለ አንድ ድምፅ።

ዲቫካር ነው። ሰው ገፍቶ መጣ፣ ተንበረከከ፣ የዘበኛውን እግር በሁለት እጁ አነሳ። መፍቻውን ከጭቃው አውጥቶ በሐር ሸሚዙ ጠረገው። ከዚያ እኛ ሁላችን መጽሐፍ በእግራችን ስንነካ እንደምናደርገው ይቅርታ እየለመነው ወደ ቀኝ ዓይኑ፣ ወደ ግራ ዓይኑ አስነካው። ቀና ሲል ሦስት መቶ ሰው እያየው ነው። እጁ ውስጥ ያለውን አየ።

ማዳም ቀስ ብለው ቀረቡት። ለሕፃን እንደሚናገር ሰው «የማን ነው ልጄ?» አሉት።

«የአባቴ» አለ። «የአውቶቡስ መካኒክ ነበር።»

ፑታስዋሚ የክብሪት ቀፎውን አወጣ። ስባሪዋ መፍቻው አፍ ላይ እንደ ጥርስ ገጠመች።

ሌላውን በዚያው ቀን ራሱ ተናገረ። ፕሮግራሙን የጻፈው እሱ ነው፤ በችኮላ። ለሕፃናት የሚሰጠውን መጠን እጥፍ ያደርገው ነበር። ሙኩንዳ ደረሰበት። ዲቫካር የድርጅቱ ሸሪክ ሊሆን አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበርና «ሳምንት ብቻ ዝም በል» ብሎ ለመነው፤ ሙኩንዳ እምቢ አለ። ሄግዴ ደግሞ የሙኩንዳን ማስታወሻ አገኙ። ሁለቱንም ጊዜ የሱዲንድራን ካርድ ከወንበሩ ላይ ያነሳው ዲቫካር ነው። ሱዲንድራም በራሱ ጠርጥሮ ነው ምሳ ቤት የጮኸው። አንቺ ያን ፕሮግራም አምነሽ ለሕፃን መርፌ ስትወጊ አሰብኩና ሙዙ ሁሉ በጉሮሮዬ ተመለሰብኝ።

ማዳም ያን ቀን ሦስት ጊዜ ከሥራ አባረሩኝ። በሦስተኛው ላይ ዶሳ አዘዙልኝ። ስበላ እያዩኝ «የመጀመሪያውን ጨረስሽ፤ ሁለተኛው ቀረ» አሉ።

ሱዲንድራ የተፈታው ከትናንት ወዲያ ነው። በር ላይ እናቱና እኔ ጠበቅነው። ከስቷል፤ ጢሙን አሳድጎ ዋሻ የጠፋው ባሕታዊ መስሏል፤ ይሄንኑ ነገርኩትና ሳቀ። እናቱ ሪክሾ ሲጠሩ ሌላውን ነገርኩት። «ያ ፎቶ ላይ ያለችው ባለ ቢጫ ሳሪ እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ፎቶውን ሲያሳዩኝ ያየሁት እግርሽን ነው። ከሳሪው ሥር የትምህርት ቤት ጫማሽ ይታያል።»

አካዬ፣ የማዳም ቢሮ በሙሉ ያላየውን! «ታዲያ ለምን አልተናገርክም? አንድ ቃል ብቻ ብትናገር እኮ!» ብዬ ጮኽኩበት፤ በገዛ ጥፋቴ እኔው እሱ ላይ ጮኽኩ።

«ብናገር ካንቺ ትጣላ ነበር። ያለቻት እህት አንቺ ብቻ ነሽ» አለኝ። «ራስሽ ትነግሪያታለሽ ብዬ ጠበቅኩ።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ይቅርታ ጠየቅኩ። ይሄን ለእማ እንዳትነግሪያት፤ ከተማውን ጠርታ ድግስ ትደግሳለች።

ስላንቺ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። መርማሪ ስለሆንኩ ያላየሁትን አልጽፍም፤ ያየሁትን ብቻ ልጻፍልሽ። ሲያስሩት የወሰዱበትን ዕቃ በፖስታ መልሰውለት ነበር፤ ቀበቶ፣ ማበጠሪያ፣ የእጅ ሰዓት። ሰዓቱን ሲያስር አየሁትና «እስር ቤቱ ሰዓትህንም አበላሸው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ወደ ኋላ ቀርቷል። አምጣ ላስተካክልልህ» አልኩት። እጅጌውን ወደ ታች ጎተተና «ተይው፣ ልክ ነው» አለኝ። ጆሮው ቀላ።

አውቶቡስ ውስጥ በጣቴ ቆጠርኩ። ከእኛ አንድ ሰዓት ተኩል ወደ ኋላ የሚቀረው የት አገር እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እማ እየተሳሳተች ከእንቅልፍሽ የምትቀሰቅስሽ በዚያ ልዩነት ምክንያት ነው።

አድራሻሽን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልሰጠሁትም። ካሁን በኋላ ሳላስፈቅድሽ በሕይወትሽ ውስጥ አንዲት ብሎን አላላላም። ስጪው ካልሽ ስጪው በይኝ፤ ተይው ካልሽም ተይው በይኝ። ልስደብሽ ካልሽም ስደቢኝ፤ ግን በረጅሙ ይሁን፣ ድምፅሽ ናፍቆኛል።

ይህ ደብዳቤ በስንት ሰዓት እንደሚደርስሽ አላውቅም። ሲደርስሽ ቀና ብለሽ የግድግዳ ሰዓትሽን እዪው። የእሱም እዚያው ላይ ነው።

እናት ቻሙንዲ እጅሽን ታበርታልሽ፣ የነካሽው በሽተኛ ሁሉ ቆሞ ይሂድልሽ፣ ሆድሽም ለአንዲት ባለጌ ትንሽ ይራራላት።

ያጠፋችው፣ ያልተቀጣችው ታናሽሽ
ኩሱማ